ከጡት ቀዶ ሕክምና በኋላ፤ ጉዳዩ የልብስ ነው ወይስ የአካል?

በፈረንጆች አቈጣጠር የኦክቶበር ወር በመጣ ቍጥር፥ ይኸውም በእኛ ከመስከረም መጨረሻ አንሥቶ ጥቅምት እስኪጋመስ ድረስ ባለው ጊዜ፥ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ሮዝ ጥብጣብ በደረት ላይ ሰክቶ መታየት እየተለመደ መጥቷል። ስለ ጡት ካንሰር ንግግር ይደረጋል፤ ሴቶች ራሳቸውን በጊዜ እንዲያስመረምሩ ምክር ይሰጣል፤ በመጨረሻም ፎቶግራፍ ይነሣል። ነገሩ መልካም ነው፤ የሚነቅፈው ሰው አይገኝም። ዳሩ ግን ንግግሩ ሁሉ የሚያበቃው ከቀዶ ሕክምናው ክፍል ደጃፍ ላይ ነው። ሴቲቱ ታክማና ቁስሏ ደርቆላት ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ፥ ጠዋት ተነሥታ ምን ለብሳ ወደ ሥራዋ እንደምትሄድ የሚጠይቅ ተናጋሪ እኔ እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

አንባቢዬ ተማሪ ወይም በቅርቡ ወንበር የያዘ የመንግሥት ሠራተኛ እንደ መሆኑ መጠን፥ «ይህ የሴቶች የጓዳ ጉዳይ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» ይል ይሆናል። እንዲህ ብሎ ጋዜጣውን ከማጠፉ በፊት ጥቂት እንዲታገሠኝ እለምነዋለሁ። ነገሩ ከጓዳ ወጥቶ ከእርሱ ጠረጴዛ ላይ የሚደርስበት መንገድ አለ፤ መንገዱም ሩቅ አይደለም።

እኔን ራሴን ወደዚህ ሐሳብ የመራችኝ አክስቴ ናቸው። ከሁለት ዓመት በፊት ግራ ጡታቸው በቀዶ ሕክምና ተነሥቷል። ከሐኪም ቤት ሲወጡ የመድኃኒት ማዘዣና የቀጠሮ ወረቀት ተሰጣቸው እንጂ ስለ አለባበስ አንድ ቃል የነገራቸው አልነበረም። ስለዚህ እንደ ሌሎቹ ሁሉ የራሳቸውን ዘዴ ፈጠሩ፤ ጨርቅ አጣጥፈው በጡት ማስያዣቸው ውስጥ ይከቱና በመርፌ ቍልፍ ያያይዙት ነበር። አንድ እሑድ በቅዳሴ ጊዜ ለስግደት ጐንበስ ሲሉ መርፌ ቍልፉ ተፈታና ጨርቁ ወደ አንገታቸው ወጣ። ነጠላቸው ሸፍኖላቸው ማንም አላየባቸውም። ሆኖም ከዚያ ቀን ወዲህ የቆዩበትን ቦታ ለቀው ከሴቶች ሁሉ ኋላ፥ ከግንቡ ሥር፥ መቆም ጀመሩ። ምክንያቱን ለማንም አልተናገሩም። እኔም ያወቅሁት ገበያ እንድሸኛቸው በጠየቁኝ ጊዜ ነው።

መርካቶ ሄድን። የመጀመሪያው ባለሱቅ ወጣት ልጅ ነበርና «እናቴ፥ ምን ልስጥዎ?» አላቸው። «አንድ ጡት ለሌለው ሰው የሚሆን ጡት ማስያዣ አለህ ወይ፥ ልጄ?» ሲሉት ፊቱ ቀላ፤ መሬት መሬት እያየ ስፖንጅ የተሞላበትና ሁለቱንም ጡት ከፍ አድርጎ የሚያሳይ ዐይነት አወጣላቸው። ሁለተኛው ባለሱቅ የተባለውን ስላልተረዳ ደጋግሞ ጮክ ብሎ አስጠየቃቸውና ሳንመልስለት ወጣን። ሦስተኛዋ ባለሱቅ ግን ሴት ነበረች። መጋረጃዋን ጋርዳ በርጩማ ሰጠቻቸውና «እትዬ፥ እንዲህ ያለ ዕቃ ከውጭ ሰው ካላመጣልዎ እዚህ አይገኝም። ለመጣው ሁሉ የምነግረው ይህንኑ ነው» አለቻቸው። «ለመጣው ሁሉ» ያለችው ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። ብዙ ሰው ይመጣል ማለት ነው።

ብዙ መሆኑስ የታወቀ ነው። የጡት ካንሰር በአገራችን ሴቶች ላይ ከሚደርሱት የካንሰር ዐይነቶች ሁሉ ቀዳሚው ሲሆን፥ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ በዚህ በሽታ የሚያዙት ከ15,000 ይበልጣሉ። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በታከሙት ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው የታማሚዎቹ መካከለኛ ዕድሜ አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነው። በአሜሪካ ግን ስድሳን ያለፈ ነው። ስለዚህ የእኛዋ ታማሚ አብዛኛውን ጊዜ ገና ልጅ የምታሳድግ፥ ከቢሮ ወይም ከገበያ ወይም ከእርሻ ውላ የምትገባ፥ ከፊቷ ብዙ ዓመት የሚጠብቃት ሴት ናት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታወቅ ይገባዋል። ጡት ሁሉ እንዲነሣ የሚያደርገው በሽታው ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ዊሊያም ሃልስቴድ የተባለው ስመ ጥር ቀዶ ሐኪም በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስፋፋው ዘዴ ጡቱን፥ ከሥሩ ያለውን የደረት ጡንቻና የብብቱን ንፍፊቶች ሁሉ ጠርጎ የሚያወጣ ነበር፤ ይኸው ዘዴ ለ80 ዓመት ያህል ሳይደፈር ኖረ። ከዚያ ዶክተር በርናርድ ፊሸርና የሥራ ጓደኞቹ ባደረጉት ሰፊ ጥናት፥ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ1985 በታተመው፥ በሽታው ሳይስፋፋ በጊዜ ለደረሱ ሴቶች ዕጢው ብቻ ወጥቶ የጨረር ሕክምና ቢጨመርበት በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው ጡታቸው በሙሉ ከተነሣው ጋር እኩል መሆኑ ተረጋገጠ። ጡትን ማትረፍ የሚቻለው እንግዲህ ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፤ በጊዜ መድረስና የጨረር ሕክምና በቅርብ ማግኘት። በአገራችን ብዙዎቹ ሴቶች ወደ ሐኪም የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። የጨረር ሕክምናም ከሃያ ዓመት በላይ ለመላው አገሪቱ በጥቁር አንበሳ አንድ ማዕከል ብቻ ተወስኖ ኖሯል፤ ተራው ወራት ያስጠብቅ ነበር። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ጅማን በመሰሉ ከተሞችም ስለ ተጀመረ ነገሩ እየተሻሻለ መሄዱ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ሕክምናው በተሻሻለ መጠን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ለብዙ ዓመት የሚኖሩት ሴቶች ቍጥር ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጡትን ከገዛ ሰውነት ሥጋ ወይም በቆዳ ሥር ከሚቀበር ሲሊኮን መልሶ የመሥራቱ ቀዶ ሕክምናም በእኛ ዘንድ ጥቂቶች ብቻ የሚደርሱበት ነው። በውጭ አገር ከብዙ ምርጫዎች አንዱ የሆነው በልብስ ሥር የሚደረግ ሰው ሠራሽ ጡት በእኛ አገር ለአብዛኞቹ ብቸኛው ምርጫ ሊሆን የቻለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዕቃው ምን እንደሆነ ያላየ ብዙ ሰው ስላለ ትንሽ ላስረዳ። ሰው ሠራሽ ጡት የሚባለው በቀዶ ሕክምና ከሰውነት ውስጥ የሚቀበር አይደለም፤ በጡት ማስያዣው ውስጥ በተሰፋ ኪስ የሚገባና ማታ የሚወጣ ነው። በዐይነቱ ብዙ ነው። ከሲሊኮን የተሠራው የሥጋን ልስላሴና የጡትን ክብደት እንዲመስል ሆኖ የተሰናዳ ነው። ከስፖንጅ ወይም ከጥጥ የሚሠራው ደግሞ ቀላል ነው፤ በቤት ውስጥ፥ በመኝታ ጊዜና ቁስሉ ገና ትኩስ ሳለ ይለበሳል። ገበያው ዐይነት ያብዛ እንጂ የሁሉም መሠረት ይኸው ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነገር በደረት ላይ ማሳረፍ አይገባም። ስፌቱ ገና አልጠናም፤ ክንድ ወደ ኋላ አይታጠፍም። ስለዚህ ከፊት ለፊት የሚቈለፍ ለስላሳ የጥጥ ጡት ማስያዣና በውስጡ ቀላል የጥጥ ቅርጽ ይበቃል። ወደ ሲሊኮኑ የሚታለፈው አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይቶ፥ ያውም ቀዶ ሐኪሙ ጠባሳውን አይቶ ሲፈቅድ ነው። የጨረር ሕክምና የተሰጣት ሴት ደግሞ ቆዳዋ እንደ ተቃጠለ ሰው ቆዳ ስሱ ስለሚሆን ከዚያም በላይ መቆየት ይኖርባታል።

ክብደት ለምን ያስፈልጋል? የሚል ጥያቄ ይነሣል። አንዱ ጡት ሲነሣ ሰውነት ሚዛኑን ያጣል። ቀሪው ጡት ትልቅ ከሆነ በአንድ ወገን ብቻ እየጐተተ ትከሻን ያዘነብላል፤ አንገትንና ጀርባንም ሊያሳምም ይችላል። ጡት ማስያዣውም ባዶ በሆነው በኩል ወደ ላይ እየተሳበ ሲያስቸግር ይውላል። ክብደት ያለው ሰው ሠራሽ ጡት ይህን ያስተካክላል። በእጅ ሲያነሡት የሚከብድ መስሎ ይታያል፤ በጥሩ ጡት ማስያዣ ውስጥ ሲገባ ግን ሸክሙ በደረት ዙሪያ ስለሚከፋፈል ያን ያህል አይሰማም። ጡቷ ትንሽ የሆነች ሴት በቀላሉም ልትስማማ ትችላለች። ስለዚህ «ከሁሉ የሚሻለው የትኛው ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ በሴቲቱ ሰውነትና በምትውልበት ሥራ ላይ የተመሠረተ ነው።

ጡት ማስያዣው ግን ከቅርጹ ይልቅ የሚያስቸግር ነገር ነው፤ ብዙ ሴቶችም ገንዘባቸውን የሚያባክኑት በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ውድ የሲሊኮን ጡት ከውጭ አስመጥቶ ከሳልባጅ በተገዛ ልል ማስያዣ ውስጥ መክተት በቅሎን በገለባ ገመድ እንደ ማሰር ነው። ዋናውን ሸክም የሚይዘው በደረት ዙሪያ የሚሄደው መቀነት ነው እንጂ የትከሻው ማንገቻ አይደለም። መቀነቱ ጠበቅ ብሎ ሁለት ጣት የሚያስገባ መሆን አለበት። ማንገቻው ሰፊ ይሁን፤ ምክንያቱም የብብት ንፍፊቶቿ የወጡላት ሴት ክንዷ የማበጥ አደጋ ስላለበት ቀጭን ማንገቻ ትከሻን እየቈረጠ ሊጐዳት ይችላል። ጐኑ ከብብት ሥር ከፍ ያለ፥ አንገቱም ጠባሳውን የሚሸፍን ቢሆን ይመረጣል። ከሥሩ ሽቦ ያለበት በጠባሳ ላይ ስለሚጫን ቢቀር ይሻላል። በሁለቱ ጡት መካከል ያለው ጨርቅ በደረት አጥንት ላይ ተለጥፎ ካልተቀመጠ ቍጥሩ ትክክል አይደለም ማለት ነው። ለመሞከርም በመስታወት ፊት ቀጥ ብሎ መቆም ብቻ አይበቃም። ሁለቱንም እጅ ወደ ላይ ማንሣት፥ በጐን ማየት፥ ቀጥሎም እስከ ጕልበት ድረስ ጐንበስ ማለት ያስፈልጋል። አክስቴ ለስግደት ሲጐነበሱ የደረሰባቸው፥ ሙስሊም እናቶችም በሶላት ጊዜ በየቀኑ አምስት ጊዜ ሊደርስባቸው የሚችል ነገር፥ በዚህ ሙከራ ይታወቃል።

በውጭ አገር የተጻፉት የአጠቃቀም ወረቀቶች ስለ መዋኛ ልብስ በሰፊው ያትታሉ። ለእኛ ሴት ሌላ መጻፍ ይኖርበታል። ልጅ የምታዝል እናት የአንቀልባው ጠፍር በደረቷ ላይ ተጠላልፎ ልክ ከጠባሳዋ ላይ ያርፋል። እንስራ በገመድ የምትሸከመውም እንዲሁ ናት፤ ክንዷ እንዳያብጥ ከባድ ሸክም በዚያ ወገን እንዳትሸከም ሐኪም ቢመክራትም ውኃ የሚቀዳላት የላትም። በአፋርና በጋምቤላ ቆላ ደግሞ ሲሊኮን ሙቀት ይዞ ያስልባል። በቆዳና በሲሊኮኑ መካከል የጥጥ ልብስ ማድረግ፥ ማታ ማታ በለስላሳ ሳሙናና በውኃ አጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል። ከእሳትና ከስለት መጠበቅ አለበት። መርፌ ቍልፍ ወደ ሲሊኮን ፈጽሞ አይቅረብ፤ አንዴ ከተበሳ ያበቃለታል።

የሲሊኮኑ ዋጋ ከአቅም በላይ ለሆነባት የእጅ ሥራ አለላት፤ ይህንንም እንደ ድኽነት ምልክት ማየት ስሕተት ነው። በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው «ኒትድ ኖከርስ» የተባለው የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ከጥጥ ክር በእጅ የተሠራ ቀላል ጡት ለጠየቀች ሴት ሁሉ በነፃ ያድላል፤ የአሠራሩንም ንድፍ ለፈለገ ሁሉ ይሰጣል። ኪሮሽ ይዛ ዳንቴል የምትሠራ ሴት ባለችበት አገር ይህ አስቸጋሪ ጥበብ አይደለም። ውስጡ በሚታጠብ ነገር ይሞላል። ክብደት እንዲኖረው ሩዝ ወይም ዳጉሳ የሚጨምሩ አሉ፤ ነገር ግን እህል በላብ ይርሳል፥ ነቀዝም ያነሣበታል፥ ስለዚህ በየጊዜው መለወጥ አለበት። ተራውን ጡት ማስያዣ ወስዶ ከውስጥ በኩል ስስ የጥጥ ኪስ ማሰፋት ደግሞ ለማንኛውም ልብስ ሰፊ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው።

በሠለጠነው ዓለም ይህ ሁሉ ከጥንት ጀምሮ የተደላደለ የሚመስለን ካለን ተሳስተናል። እ.ኤ.አ. በ1952 በኒው ዮርክ ሚስስ ተሪዝ ላሰር የተባሉ ሴት ጡታቸው በተነሣ ጊዜ፥ ክንዳቸውን እንዴት እንደሚያፍታቱና ምን እንደሚለብሱ የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። ይህን ለሌሎች እንዳይደርስ ብለው በየሆስፒታሉ እየዞሩ አዲስ የታከሙትን ሴቶች መጠየቅ ጀመሩ፤ በእጃቸውም ጊዜያዊ የጥጥ ጡት ይዘው ይሄዱ ነበር። አንዳንድ ሐኪሞች ይህን አልወደዱላቸውም። ያለ ሐኪም ማዕረግ ታካሚን ማማከር ድፍረት ሆኖ ታይቷቸው ነበር። ይሁን እንጂ ሥራው እያደገ ሄዶ እ.ኤ.አ. በ1969 የአሜሪካ የካንሰር ማኅበር የራሱ ፕሮግራም አድርጎ ተረከበው።

ከእርሳቸው ቀጥሎ የሚነሡት ሚስስ ሩት ሃንድለር ናቸው። እኚህ ሴት «ባርቢ» የተባለችውን አሻንጕሊት እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጡት፥ ማቴል የተባለውን ኩባንያ ከባለቤታቸው ጋር ያቋቋሙት ናቸው። ለአሻንጕሊት ጡት አወጡ ተብለው የተተቹት ሴት እ.ኤ.አ. በ1970 የራሳቸው ጡት ተነሣ። ገበያ ወጥተው ሲፈልጉ ያገኙት ግራና ቀኝ የማይለይ፥ ቅርጽ የሌለው ድቡልቡል ነገር ነበር። ጫማ እንኳ ግራና ቀኝ አለው፤ ጡት እንዴት አይኖረውም? ብለው ፔይተን ማሲ ከተባለ የሰው ሠራሽ አካል ባለሙያ ጋር ሆነው በግራና በቀኝ የተለየ፥ በጡት ማስያዣ ቍጥር የተመደበ ዕቃ ሠሩ። ስሙንም «ኒርሊ ሚ» አሉት፤ «እኔን ለመምሰል የቀረበ» እንደ ማለት ነው። ሚስስ ሃንድለር በዚሁ ዘመን በማቴል የሒሳብ ጉዳይ ተከሰው የተቀጡ ሰው መሆናቸውን መደበቅ አይገባም፤ ፍጹም ሰው አልነበሩም። ነገር ግን መጋረጃ ጋርደው በሹክሹክታ የሚሸጠውን ዕቃ በትልልቅ መደብሮች ወለል ላይ አውጥተው፥ ገጣጣሚ ሴቶችን አሠልጥነው፥ እንደ ጫማ እየተለካ እንዲሸጥ አድርገዋል። ከደንበኞቻቸውም አንዷ ሚስስ ቤቲ ፎርድ ነበሩ።

ሚስስ ፎርድ ባለቤታቸው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ከሆኑ ሁለት ወር ሳይሞላ በሴፕቴምበር 1974 ጡታቸው ተነሣ። በዚያ ዘመን «ጡት» እና «ካንሰር» የሚባሉት ቃላት በአንድነት በጋዜጣ ሲወጡ የሚያሳፍሩ ነበሩ። የቤተ መንግሥቱ እመቤት ግን አልደበቁትም፤ ብዙ ሺህ ሴቶችም የእርሳቸውን ሰምተው ለምርመራ ተሰለፉ። ሕጉ ግን የዘገየው ገና ነው። የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ የሚከፍል የጤና መድን ሁሉ የሰው ሠራሽ ጡቱንና የክንድ እብጠቱን ሕክምና ጭምር እንዲከፍል የሚያስገድደው የአሜሪካ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1998 ነው። ሚስስ ላሰር ከታከሙበት ቀን አንሥቶ ብንቈጥር 46 ዓመት ሆነ። ዛሬ ለአረጋውያን የሚሆነው የመንግሥት መድን የሲሊኮኑን በየሁለት ዓመቱ፥ የስፖንጁን ወይም የጨርቁን በየስድስት ወሩ እንዲለወጥ ይፈቅዳል። በእንግሊዝ አገርም የሕዝቡ ጤና አገልግሎት ሰው ሠራሹን ጡት በነፃ ይሰጣል፤ ለዚሁ ተብሎ የተሰፋውን ጡት ማስያዣ ሴቲቱ ራሷ ትገዛለች፤ ነገር ግን የተጨማሪ እሴት ታክስ አይከፈልበትም።

እዚህ ላይ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ሳላነሣ ባልፍ ነገሩ የጎደለ ይሆናል። ኦድሪ ሎርድ የተባለችው ጥቁር አሜሪካዊት ባለቅኔ ጡቷ በተነሣ በጥቂት ቀን ውስጥ ያለ ምንም ሰው ሠራሽ ነገር ወደ ሐኪሟ ቢሮ ብትሄድ፥ ነርሷ እንዲህ ሆና መምጣቷ የቢሮውን መንፈስ እንደሚያበላሽ ነገረቻት። ሎርድ ይህን እ.ኤ.አ. በ1980 ባሳተመችው የካንሰር ማስታወሻዋ ላይ ጽፋ፥ ዕቃው ለሴቲቱ ምቾት ሳይሆን ለተመልካቹ ምቾት የሚደረግ ከሆነ ጭቈና ነው ብላ ተከራክራለች። እኔ በበኩሌ ይህን ክርክር ሳነብ መጀመሪያ ቅንጦት መስሎኝ ነበር፤ ዕቃው በሚጠፋበት አገር ዕቃውን አልፈልግም ማለት ምን ይሉታል? በኋላ ግን ነገሩ አክስቴን ከግንቡ ሥር ካስቆማቸው ጕዳይ ጋር አንድ መሆኑ ገባኝ። አክስቴ የፈሩት ባዶውን ደረታቸውን አልነበረም፤ የሰውን ዐይን ነው። ስለዚህ ማንም ሴት እንድትለብስ አትገደድ፤ ማንም ሴት ደግሞ ዕቃው ስለ ጠፋ ብቻ እንዳትለብስ አትገደድ። ምርጫ የሚባለው ሁለቱም በሮች ሲከፈቱ ነው።

በሩን የሚከፍቱት እነማን ናቸው? ወጣቱ አንባቢዬን እስከዚህ ያስታገሥኩት ለዚህ ነው። አንድ የሲሊኮን ጡትና ሁለት ጡት ማስያዣ የያዘ ጥቅል ከውጭ አገር መጣ እንበል። አገራችን የምትጠቀምበት ዓለም አቀፉ የጕምሩክ የዕቃ መለያ ሥርዐት በምዕራፍ 62፥ ቍጥር 6212፥ ጡት ማስያዣን ከኮርሴትና ከመሰሎቹ ጋር ይመድባል። በምዕራፍ 90፥ ቍጥር 9021፥ ደግሞ ክራንችን፥ ለመስማት የሚረዳ መሣሪያንና ሰው ሠራሽ የአካል ክፍሎችን አንድ ላይ አስቀምጧል። መዝገቡን የያዘው ወጣት ሹም ጥቅሉን ፈትቶ፥ አፍሮ ሳይጠይቅ፥ «የሴት የውስጥ ልብስ» ብሎ ሁሉንም በ6212 ቢያሰፍረው ያቺ ሴት ለአካሏ የልብስ ቀረጥ ከፈለች ማለት ነው። ከቍጥሩ ጋር የሚያውቅና የማያፍር ሹም ግን የሲሊኮኑን ጡት ከሰው ሠራሽ እግር ጎን ያስቀምጠዋል፤ ቦታውም ያ ነው። ጡት ማስያዣው በቃሉ መሠረት ከ6212 ባይወጣም፥ እንግሊዞች እንዳደረጉት ከግብሩ ላይ የሚነሣበትን መንገድ ማሰብ የገንዘብ ጉዳይ ባለሙያዎች ሥራ ነው።

የጤና መድኑም ነገር እንዲሁ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ተጀምሮ ከዚያ ወዲህ ብዙ ተስፋፍቷል። እንዲህ ያለ ጥቅል ሲጻፍ ወይም ሲሻሻል ሰው ሠራሽ ጡት ከመዋቢያ ጋር ተደምሮ ይቀራል ወይስ ከአካል ጋር ይገባል? የሚለው በአንድ መሥመር የሚወሰን ነገር ነው። ያን መሥመር የሚጽፈው ደግሞ ሚኒስትሩ ሳይሆን ረቂቁን የሚያዘጋጀው ወጣት ባለሙያ ነው። ገንዘብ የለም የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ሲሊኮኑ ባይቻል የጥጡ ይቻላል፤ አንዲት ነርስ ታካሚዋ ከመውጣቷ በፊት ዐሥር ደቂቃ ተቀምጣ ስለ ኪሱ፥ ስለ መቀነቱና ስለ ክንዷ ብትነግራት ደግሞ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። ሚስስ ላሰር እንዳደረጉት ቀድመው የታከሙ ሴቶች አዲሶቹን እንዲጠይቁ ፈቃድ መስጠትም እንዲሁ ወጪ የለበትም።

አክስቴና እኔ ከመርካቶ ባዶ እጃችንን ከተመለስን በኋላ ያችን ባለሱቅ ምክር ሰምተን ከሰፈራችን ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድን። ሽማግሌ ሰው ናቸው፤ ሲነገራቸው አልደነገጡም፥ አላፈሩምም። መነጽራቸውን አድርገው ማስያዣውን ገልብጠው አዩና «ኪሱ ከታች ይከፈት ወይስ ከጐን?» ብለው ብቻ ጠየቁ። ከጐን ይሁን ተባለ። ሥራቸውን ሊጀምሩ ሲሉ አክስቴ ከቦርሳቸው አንድ ፌስታል አወጡና ከጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ውስጡ አራት የተለያየ ቍጥር ያላቸው ጡት ማስያዣዎች ነበሩ፤ በየአንዳንዱ ላይ ግራ ወይም ቀኝ የሚል ወረቀት ተያይዞበታል። በሆስፒታሉ ክፍል አብረዋቸው የተኙት ሴቶች ናቸው።